64 ቤት፣ 64 አካፋይ? ስለ 18,446,744,073,709,551,615 የከፈትኩት ክር

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተትም የእኔ ነው።

የመክፈቻ ጽሑፌ ይህን ይል ነበር። በቼዝ ሰሌዳ የመጀመሪያ ቤት ላይ አንድ የስንዴ ቅንጣት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲህ እያጠፉ እስከ 64ኛው ቤት ቢሄዱ በሰሌዳው ላይ የሚከማቸው ጠቅላላ ቅንጣት 18,446,744,073,709,551,615 ነው። ሁለት 64 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት ማለት ነው፤ 2⁶⁴ − 1። ጥበበኛው ከንጉሡ በዚህ መልክ ስንዴ የጠየቀበትን ተረት የማያውቅ የለም። እኔን የሳበኝ ግን የቁጥሩ ግዝፈት ሳይሆን ውስጡ ነው። ሰሌዳው ባለ አንድ ቤት ቢሆን ኖሮ ድምሩ 1 ነው፤ 1 ደግሞ አንድ አካፋይ ብቻ አለው። ባለ ሁለት ቤት ቢሆን ድምሩ 3፣ አካፋዮቹም ሁለት። ባለ አራት ቤት ቢሆን 15፣ አካፋዮቹ 1፣ 3፣ 5 እና 15፣ አራት። ባለ ስምንት ቤት 255 ይሆንና ስምንት አካፋይ ይኖረዋል፤ ባለ 16 ቤት 65,535 ይሆንና 16፤ ባለ 32 ቤት 4,294,967,295 ይሆንና 32። የቤቱ ብዛትና የአካፋዩ ብዛት ስድስት ጊዜ በተከታታይ እኩል መጣ። እንግዲህ ሙሉው ሰሌዳ 64 ቤት ስላለው ቁጥሩም 64 አካፋይ አለው ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄ አልነበረም። ርእሱ ላይ የጥያቄ ምልክት ያስገባሁት ኋላ ነው።

ምክንያት አላጣሁለትም ነበር። ማንኛውም ቁጥር በራሱ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት፣ በአንድ የሚያንሰውና በአንድ የሚበልጠው የሁለቱ ጎረቤቶቹ ብዜት ይሆናል። 16 በራሱ ሲባዛ 256 ነው፤ 255 ደግሞ 15 × 17። 15ም በተራው 3 × 5። ሰሌዳውን በዚህ መንገድ ወደ ታች ሲፈቱት 2⁶⁴ − 1 ማለት 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 × 4,294,967,297 ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ስድስተኛውም ያው ዘር ነው ብዬ አለፍኩት። ስድስት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ካሉ እያንዳንዱን መውሰድ ወይም መተው ይቻላል፤ ሁለት ስድስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 64። የወደቅኩት ያው ዘር ነው ያልኩበት ቦታ ላይ ነው።

መልስ 1። ጸሐፊው ወንድሜ ብለው ጀመሩ። ጽሑፉ ደስ እንዳሰኛቸውና ይህን እኩልነት ከዚህ በፊት አስተውለውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከዚያ የንጉሡንና የጥበበኛውን ተረት ከነሙሉ ጌጡ ተረኩልን። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው ክርን ያሞቃል።

መልስ 2። ተረቱን ትቶ ታሪኩን ያዘ። የመካከለኛው ዘመን ሊቅ አል ቢሩኒ ይህን ድምር ከሺህ ዓመት በፊት አስልቶት እንደነበር፣ 64 ቁጥሮችን እየደመረም እንዳልደከመ አስረዳ። 16ን በራሱ ማባዛት፣ የተገኘውን 256 በራሱ ማባዛት፣ 65,536ን በራሱ ማባዛት፣ በመጨረሻም 4,294,967,296ን በራሱ ማባዛት፤ አራት ማባዛትና አንድ መቀነስ። የቤቶቹ ብዛት 64 መሆኑ፣ ማለትም እየተጋመሰ እስከ አንድ የሚወርድ መሆኑ፣ ለአስሊው በረከት እንደሆነ ጨመረበት። ይህ አስተያየት እኔ ለጻፍኩት ድጋፍ መስሎኝ ደስ አለኝ።

መልስ 3። ሦስት አሃዞች ብቻ። 641። ሰላምታ የለ፣ ነጥብ የለ፣ ማብራሪያ የለ።

መልስ 4። ጽሑፉ በስህተት የገባ መሆኑን በትሕትና ጠየቀና ከሆነ ቢጠፋ መልካም እንደሆነ ሐሳብ አቀረበ። እውነቱን ለመናገር እኔም የገጽ ቁጥር ነበር የመሰለኝ። 3ኛው ጸሐፊ መልስ አልሰጠም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክሩ ውስጥ ስሙ ባለ 641 ሆነ።

መልስ 5። በክሩ ውስጥ ረጅሙና የተሻለው መልስ ይህ ነው። ጸሐፊው አስተማሪ መሆናቸውን አንድም ቦታ ላይ አልተናገሩም፤ ቢሆንም ከዚህ በኋላ ሁሉም መምህር እያለ ነው የጠራቸው፣ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መምህር እንዳሉት የእኔ ስህተት በዕድሜ የገፋ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒዬር ደ ፌርማ በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537፣ 4,294,967,297 እያለ የሚሄደው ሰልፍ በሙሉ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ እንደሚያምን ገልጿል፤ ማረጋገጫ እንዳላገኘለትም አልደበቀም። በ1729 መጨረሻ የሒሳብ ሊቁ ጎልድባክ ነገሩን ለወጣቱ ሊዮናርድ ኦይለር በደብዳቤ አነሣበት። ኦይለር መጀመሪያ ላይ ብዙም አልጓጓም ነበር፤ በ1732 ግን 4,294,967,297 ማለት 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳወቀ። ስለዚህ የሰሌዳው ቁጥር የተሠራው ከስድስት ሳይሆን ከሰባት ብቸኛ ቁጥሮች ነው። አካፋዮቹም 64 ሳይሆኑ 128 ናቸው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ያደረግኩትን ልናገር። እርሳስና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። 4294 ውስጥ 641 ስድስት ጊዜ ይገባል፤ 448 ይተርፋል። 9ን አወርዳለሁ፣ 4489፤ ሰባት ጊዜ ይገባና 2 ብቻ ይተርፋል። እዚህ ላይ ልቤ ሸፈተ፤ ሊያልቅ ነው ወይስ ሊያመልጥ? 6ን ሳወርድ 26፣ አይገባም፤ 7ን ሳወርድ 267፣ አሁንም አይገባም። ሁለት ዜሮ በድርሻው መሃል ተደረደሩ። 2672 ውስጥ አራት ጊዜ፣ 108 ተረፈ፤ 1089 ውስጥ አንድ ጊዜ፣ 448 ተረፈ። ያው የመጀመሪያው 448 ተመልሶ መጣ። የመጨረሻዋን 7 ሳወርዳት 4487 ሆነ፤ 641 ሰባት ጊዜ ልክ 4487 ነው። ምንም አልቀረም። ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ሥራ ነው። ርእሱን ከመለጠፌ በፊት አላደረግኩትም።

መልስ 6 የእኔ ነው፤ አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። ስህተቱን ተቀበልኩ፣ ነገር ግን ፌርማን እንደ ጋሻ ያዝኩት። እንዲያ ያለ ሊቅ የተሳሳተበትን ብሳሳት ምን ያስነውራል የሚል አነጋገር ነበረው።

መልስ 7። ጋሻው ብዙ አልቆየም። ጸሐፊው ቁጡ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ግን በእውቀት የታሸ ነው። ፌርማ በዚያው በ1640 ዓመት 2³⁷ − 1 በ223 እንደሚካፈል አግኝቷል፤ ያገኘውም በዘፈቀደ እየሞከረ ሳይሆን፣ አካፋዩ ምን ዓይነት መልክ ሊኖረው እንደሚችል አስቀድሞ በማወቁ ነው። ያንኑ መንገድ በ4,294,967,297 ላይ ቢጠቀምበት ኖሮ የሚሞከሩት ብቸኛ ቁጥሮች ከ64 ብዜት በአንድ የሚበልጡት ብቻ በሆኑ ነበር፤ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641። አምስተኛው ሙከራ ላይ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ለፌርማ ማመካኛ የለውም፣ ለእኔ ደግሞ ከፌርማ ያነሰ ነው አለ፤ እርሱ ቢያንስ የሚደገፍበት የስሌት መሣሪያ አልነበረውምና። መምህር ወዲያው ገብተው ነገሩን አለዘቡት፤ ፌርማ ሞክሮ በማካፈል ላይ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ሳይሞክርም ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ከሙታን ጋር ደግሞ በዚህ አይጣሉም አሉ። ይህ መልስ 8 ነው።

መልስ 9 ላይ ጠቡ ሌላ ቦታ ፈነዳ። አዲስ የመጣው ጸሐፊ መነሻው ቁጥር ራሱ የተሳሳተ ስለሆነ የቀረው ክርክር ከንቱ ነው ሲል አወጀ። በኮምፒውተሩ አስልቶት 18,446,744,073,709,552,000 አግኝቷል፤ ምስልም አያይዟል።

መልስ 10። ቁጡው 7ኛ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ያነሣሁት ጭካኔው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ርኅራኄ ነበር። ሁለት በራሱ ሲባዛ የመጨረሻ አሃዙ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ ይዞራል፤ 64 ለ4 ስለሚካፈል 2⁶⁴ በ6 ያልቃል፣ አንድ ሲቀነስ በ5። ከተጋማሽ ቁጥር ላይ አንድ ቀንሶ በሦስት ዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ያገኘ ሰው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ጣቶቹን ቢጠቀም ይሻለዋል የሚል ነገር ጨመረበት። ሌላም ጨመረበት፤ እርሱን አልደግመውም።

መልስ 11 የ9ኛው ቅያሜ ነው። መልስ 12 ደግሞ ሌላ ሰው በሒሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ሞክሮ 18,446,744,073,709,600,000 እንዳገኘ ገለጸ፤ አሁን ሦስት የተለያዩ መልሶች ሆኑ።

መልስ 13። ፕሮግራም ጸሐፊ ናቸው መሰለኝ፤ ቋንቋቸው የተረጋጋ ነው። ማንም አልዋሸም፣ መሣሪያውም አልተበላሸም አሉ። ብዙ ፕሮግራሞች ቁጥርን የሚይዙት 53 ቢት (0 ወይም 1 የሚያዝበት ቦታ) ብቻ ለአሃዞቹ በተመደበበት ቅርጽ ነው። እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ እያንዳንዱ ሙሉ ቁጥር የራሱ ቦታ አለው፤ ከዚያ በላይ ግን ቦታዎቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። በእኛ ቁጥር ዙሪያ፣ ከ2⁶⁴ በታች ባለው ወገን፣ በሁለት ተከታታይ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 2,048 ደርሷል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቁጥራችንን የሚያስቀምጠው ቅርብ በሆነው ቦታ ላይ፣ 2⁶⁴ ራሱ ላይ ነው፤ ሲጽፈው ደግሞ የሚተማመንባቸውን አሃዞች ብቻ አሳይቶ የቀረውን በዜሮ ይሞላዋል። የሰንጠረዡ ፕሮግራም 15 አሃዝ ላይ ስለሚያቆም የባሰ አጠጋግቶታል። የሚያስቀው ደግሞ ይኸው ቁጥር ለኮምፒውተር ከማንም በላይ ዘመዱ መሆኑ ነው፤ በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ 64 አንዶች በሰልፍ የቆሙበት፣ ያለ ምልክት ቢት በ64 ቢት የሚያዝ ሙሉ ቁጥር ጣሪያ ነው። አንድ ከጨመሩበት ወደ ዜሮ ይመለሳል።

9ኛው አመሰገነ። 7ኛው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን ሁለት ቀን ዝም አለ፣ ለእርሱ ይህ ይቅርታ ነው።

ከ14 እስከ 17 ያሉት መልሶች ስለ ስንዴ ክብደት ናቸው። አንዱ 20 ቅንጣት አንድ ግራም ይሞላል ብሎ ድምሩን ወደ 922 ቢሊዮን ቶን አደረሰው፤ የዓለም የዓመት ምርት 800 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው ብንል ከ1,150 ዓመት መኸር በላይ ማለት ነው። ሌላው ቅንጣቱን አሳንሶ 25 ለግራም አለና ወደ 920 ዓመት አወረደው። አራት መልስ ሙሉ የቅንጣቱን መጠን ተከራከሩ። ማንም አላሸነፈም።

መልስ 18። ወደ ነገሩ መለሰን። ማካፈል ሳያስፈልግ 641 ለምን እንደሚያካፍል የሚያሳይ አጭር ማረጋገጫ ነው። 641 ሁለት መልክ አለው፤ በአንድ በኩል 5 × 128 + 1፣ በሌላ በኩል 625 + 16፣ ማለትም 5⁴ + 2⁴። ከመጀመሪያው መልክ 5 × 2⁷ በ641 ሲካፈል ቀሪው እንደ −1 ይሆናል፤ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5⁴ × 2²⁸ ቀሪው 1 ነው። ከሁለተኛው መልክ ደግሞ 5⁴ን በ−2⁴ መተካት ይቻላል። ተኩት፤ −2³² ቀሪው 1 ሆነ፣ ስለዚህ 2³² + 1 ያለ ቀሪ ተካፈለ። አሥሩንም አሃዝ ሳይነኩ! ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። በእርሳሴ ያደረግኩት ማካፈል እውነት መሆኑን ነግሮኝ ነበር፤ ይህኛው ለምን እውነት እንደሆነ ነገረኝ።

መልስ 19 ማረጋገጫው የኦይለር ነው አለ፤ መልስ 20 (መምህር) አይደለም፣ ይህ አጭሩ መንገድ ከእርሱ በኋላ የመጣ ነው፣ ኦይለር የሄደው አካፋዩ ከ64 ብዜት በአንድ የሚበልጥ መሆን አለበት በሚለው መንገድ ነው ብለው አረሙ። የ7ኛውን ስም ጠቅሰውም አመሰገኑት። ብልህ ሰው ናቸው።

መልስ 21። እኔ የጠየቅኩት ነው። 641 ካመለጠን፣ 6,700,417ስ ብቸኛ መሆኑን ማን ዋስ ሆነለት? እርሱ ከተሰነጠቀ አካፋዮቹ 256 ይሆናሉ። አንድ ጊዜ የተነከሰ ገመድ ይፈራል።

መልስ 22። ቁጡው ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ አልተሳደበም። ኤዱዋር ሉካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦይለርን ሁኔታ አጥብቆታል፤ አካፋዩ ከ64 ሳይሆን ከ128 ብዜት በአንድ መብለጥ አለበት። 6,700,417 ቢሰነጠቅ አንዱ ብቸኛ አካፋይ ከ2,588 አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ ሁኔታውን የሚያሟሉት ብቸኛ ቁጥሮች አምስት ብቻ ናቸው፤ 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409። ቀሪዎቹንም ጻፈልን፤ 170፣ 44፣ 120፣ 334፣ 622። ዜሮ የለም። 128 ጸና።

መልስ 23 ሉካ ሲነሣ የሃኖይ ግንብ የሚባለውን ጨዋታ አስታወሰ፤ በ1883 ያወጣው እርሱ ነው። 64 ቀለበት ያለውን ግንብ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ለማዛወር የሚያስፈልገው ትንሹ እርምጃ ይኸው ቁጥራችን ነው። በሰከንድ አንድ እርምጃ ከሆነ 584,942,417,355 ዓመት። መልስ 24 ግን ዓመቱን 365 ቀን አድርጎ ማስላት ስህተት ነው፣ ሩብ ቀኑ ከተጨመረ 584,542,046,090 ዓመት ይሆናል አለ። ስለ ሩብ ቀን የተነሣው ይህ ክርክር 400 ሚሊዮን ዓመት አስከተለ፤ ሁለቱም ወገኖች ምን ያህል እንደተለያዩ ያስተዋሉ አልመሰለኝም።

መልስ 25። ከጉዳዩ የወጣ ቢሆንም ወድጄዋለሁ። ቁጥሩን በግዕዝ አሃዝ ጽፎ አመጣው፤ ፲፰፻፵፬፼፷፯፻፵፬፼፯፻፴፯፼፱፻፶፭፼፲፮፻፲፭። አሃዞቹን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ፣ በመካከላቸው ፻ እና ፼ን እያፈራረቀ አስገብቷል። በዓረብኛው አጻጻፍ ያሉት ሁለቱ ዜሮዎች፣ በ07 እና በ09 ውስጥ ያሉት፣ ድራሻቸው ጠፍቷል፤ ግዕዝ ዜሮ የለውም፣ አያስፈልገውምም። መልስ 26 እንዴት ይነበባል ብሎ ሲጠይቅ፣ አንዱ 18 ኩዊንቲሊዮን 446 ኳድሪሊዮን ብሎ ጀመረ፣ ሌላው እልፍ አእላፍ ማለት ምን ሆነ አለው። እዚህ ላይ ሁለት መልስ ያህል ተሰርዟል።

መልስ 27። ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ከማንኛውም ክር አይጠፋም። መልስ 28 ሁለት ነገር መለሰለት። የመጀመሪያው፣ ከሰባቱ ብቸኛ ቁጥሮች አንዱ የሆነው 65,537 በኢንተርኔት ላይ መልእክትን በምስጢር ለመቆለፍ በሚያገለግሉ ስሌቶች ውስጥ በየቀኑ የሚሠራ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ለእኔ የመጣ ስጦታ ነው። ያጣሁት ውበት በ32 ቤት ላይ በሙሉ ክብሩ እንዳለ አሳየኝ። ጋውስ በ1796፣ ገና 19 ዓመት ሳይሞላው፣ 17 ጎን ያለው እኩል ጎን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ እንደሚሠራ አረጋገጠ። በዚህ መንገድ ሊሠሩ እንደሚችሉ የሚታወቁት፣ የጎናቸው ብዛት ኢ-ተጋማሽ የሆነ ቅርጾች 31 ናቸው፤ የጎኖቻቸውም ብዛት የ4,294,967,295 አካፋዮች ናቸው፣ 1 ሲቀር። 32ቱ አካፋዮቼ ማለት ነው! ዮሃን ሄርሜስ የሚባል ሰው 65,537 ጎን ላለው ቅርጽ አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ በ1894 ጨርሷል፤ ጽሑፉ ጎቲንገን ውስጥ ተቀምጧል። ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። 641 እና 6,700,417 ግን ለማስመሪያና ለኮምፓስ አይታዘዙም።

ይህ ስጦታ አሰከረኝ መሰለኝ፣ መልስ 29 ላይ እንደገና ተነሣሁ። 64 ላይ አካፋዩ 128፣ የቤቱ እጥፍ ሆነ። ሰሌዳው 128 ቤት ቢኖረው ቀጣዩ ተባዢ 18,446,744,073,709,551,617 ነው፤ ከቁጥራችን በሁለት ብቻ ይበልጣል። እርሱ ብቸኛ ከሆነ አካፋዮቹ 256 ይሆናሉ፣ አሁንም የቤቱ እጥፍ። ስለዚህ ከ64 ጀምሮ ሕጉ እጥፍ ነው ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 30። ባለ 641። ከ3ኛው መልስ ወዲህ አልታየም ነበር። አሁንም ሰላምታ የለ፣ ነጥብ የለ። 274177።

በዚህ ጊዜ ማብራሪያ አልጠበቅኩም፤ እርሳሴን አነሣሁ። ድርሻው 67,280,421,310,721 ወጣ፣ ቀሪ የለም። መምህር መልስ 31 ላይ ታሪኩን ጨመሩ፤ ቶማስ ክላውሰን በ1855 ደርሶበት ነበር፣ በ1880 ደግሞ ፎርቱኔ ላንድሪ የሚባሉ ፈረንሳዊ በ82 ዓመታቸው ለሕዝብ አቀረቡት። ሁለቱም አካፋዮች ብቸኛ ስለሆኑ የ128 ቤቱ ድምር ዘጠኝ ብቸኛ ቁጥር፣ 512 አካፋይ አለው። እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው።

መልስ 32። አንድ አንባቢ፣ ምናልባትም አዝኖልኝ፣ እኩልነቱ ራቅ ብሎ በ256 ወይም በ1,024 ቤት ላይ ይመለስ ይሆን ብሎ ጠየቀ። መልስ 33 የመምህር ነው፤ በሩን ዘጉት። የፌርማ ቁጥሮች፣ ያ 3፣ 5፣ 17 እያለ የሚሄደው ሰልፍ፣ እርስ በርሳቸው የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ይህን ጎልድባክ በ1730 ለኦይለር ጽፎለታል። ስለዚህ ሰሌዳው በታጠፈ ቁጥር የሚጨመረው ተባዢ ቢያንስ አንድ አዲስ ብቸኛ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ የአካፋዮቹም ብዛት ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። አንዱ ሁለት ይዞ ከመጣ ደግሞ ብልጫው ከዚያ ወዲያ አይጠፋም፤ ሊያንስ የሚችልበት መንገድ የለም። 641 የወሰደውን ምንም አይመልሰውም።

መልስ 34 ግን በሌላ በር ገባ። ሁላችንም በማጠፍ የሚገኙትን ሰሌዳዎች ብቻ እንዳየን፣ ስድስት ቤት ያለውን እንደዘለልነው ጻፈ። ስድስት ቤት ሲደመር 63 ነው፤ አካፋዮቹ 1፣ 3፣ 7፣ 9፣ 21፣ 63። ስድስት ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በወረቀቴ ላይ የቀሩትን ተጋማሾች እያየሁ ነው። 10 ቤት ሲሆን 8 አካፋይ፤ 12 ሲሆን 24፤ 14 ሲሆን 8፤ 18 ሲሆን 32፤ 20 ሲሆን 48። ትናንት ማታ ከ32 በኋላ እኩል የሚሆን የለም የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፣ ባለ 641ን አስታወስኩ፣ ሳልለጥፈው ሰረዝኩት።